አጃቢ እንጂ ጨረቃ አይደለችም፦ «የተደበቀችው ሁለተኛ ጨረቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን «የተደበቀችው ሁለተኛ ጨረቃ» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። መጀመሪያ ያሳዩኝ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በማግስቱ ጎረቤቴ እማሆይ ከቅዳሴ ሲመለሱ በር ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ የዘንድሮው ፋሲካ በየትኛዋ ጨረቃ ነው የሚቆጠረው?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ጽሑፉን አንብቦላቸው ኖሯል። እማሆይ እንዲህ ባለ ነገር አይቀልዱም፤ ከልባቸው አሳስቧቸው ነው። ይህን ምላሽ ለመጻፍ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው እንደሚሉት ምድር ሁለተኛ ጨረቃ እንዳላት በ2025 ተረጋግጧል፤ ይህችው ጨረቃ በ2024 መጥታ ሄዳ የነበረችው ናት፤ እንደ ጨረቃችን ምድርን ትዞራለች፤ በምድር መንገድ ላይ ስለምትሄድም አንድ ቀን መጋጨታቸው አይቀርም። ሳይንቲስቶቹ «ምድር ስትስበው የሚርቅ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ) አለ» ማለታቸው ውሸታቸውን ያጋልጣል፤ የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ይፋለሳል፤ መንዝ ውስጥ በዓይናቸው ያዩዋት ሰዎች አሉ። በመጨረሻም «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብለው ይዘጋሉ። እኔም በዚሁ ተራ እሄዳለሁ። ከባሕረ ሐሳቡ በቀር ቀንና ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጸሐፊው ሰው ለማሳሳት አስበው ጻፉ አልልም። ትክክል የተናገሩት ነገርም አለ፤ በቦታው አነሳዋለሁ። ስሕተቶቹ ግን አብዛኞቹ ካንድ ቦታ የመነጩ ናቸው፦ ምድርን እንደ ቆመች፣ ሌላውን ሁሉ እሷን እንደሚዞር አድርጎ ማየት።

«በ2024 መጥታ የሄደችው ጨረቃ በ2025 ተመልሳ መጣች» የሚለውን እናስቀድም። አልተመለሰችም፤ ሌላ ናት። በ2024 የተወራላት 2024 ፒቲ5 ትባላለች፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባለ ቴሌስኮፕ የተገኘች፣ 10 ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ከአንድ አውቶቡስ የማትበልጥ ድንጋይ ናት። ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኖቬምበር 25 ድረስ የምድር ስበት ለጊዜው ይዟት ነበር፤ ከዚያ ሄደች፤ አንዲት ሙሉ ዙር እንኳ አልዞረችም። በ2025 የተወራላት 2025 ፒኤን7 ናት። ሃዋይ ያለው የፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ በ2025 ኦገስት አገኛት፤ ስፋቷ 20 ሜትር ገደማ ነው። ምህዋሯ፣ ማለትም የምትዞርበት መንገድ፣ ወደ ኋላ ሲሰላ ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከእኛ ጋር ስትሄድ የኖረች ሆና ተገኘች፤ እስከ 2083 ገደማም ትቆያለች ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ በ2025 አልመጣችም፤ በ2025 ታየች። ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ጋር የለጠፉት የምህዋር ሥዕል ደግሞ የሁለቱም አይደለም። እሱ በ2016 የተገኘችው የካሞኦአሌዋ ነው፤ ይህች ከ40 እስከ 100 ሜትር ትገመታለች። «5 ኪሎ ሜትር ስፋት አላት» ብለው የጻፉት መጠን ደግሞ የአራተኛዋ፣ በ1986 የተገኘችውና መንገዷ በ1997 የተፈታው የክሩዊንያ ነው። ያኔም ጋዜጦች «ሁለተኛ ጨረቃ» ብለዋት ነበር። አራት ድንጋይ፣ አራት ዓይነት አካሄድ፤ ጽሑፉ ግን ባንድ ስም ጠራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ምድርን ትዞራለች» ይላሉ።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው ተማሪዎቼ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ እንጂ እንዳልገባቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። ስለዚህ ወደ ሜዳ ወጣን። ጠዋት ነው፤ ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም። መሐል ላይ አንድ ችካል ተከልን፤ ፀሐይ እሱ ነው። 10 ሜትር ገመድ አስረን በኖራ አንድ ክብ አሰመርንና ክቡ ላይ እኩል የተራራቁ 12 ምልክቶች አደረግን፤ የምድር መንገድ ይህ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ክብ አሰመርን፤ ይህኛው ወደ አንድ ጎን የተገፋ ነው፤ ባንድ በኩል ከችካሉ 8 ሜትር፣ በሌላው በኩል 12 ሜትር ይርቃል። በዚህኛው ላይ ያሉት 12 ምልክቶች እኩል አይደሉም። ወደ ችካሉ በሚቀርበው በኩል ተራርቀዋል፣ በሚርቀው በኩል ተቀራርበዋል፤ ምክንያቱም ፀሐይን የሚዞር ነገር ሲቀርባት ይፈጥናል፣ ሲርቃት ያዘግማል። ይህ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1609 ያሳተመው ሕግ ነው።

አንዷን ተማሪ በምድር መንገድ ላይ፣ አንዱን ተማሪ በአስትሮይዱ መንገድ ላይ አቆምኩ። እኔ ባጨበጨብኩ ቁጥር ሁለቱም አንድ አንድ ምልክት ይራመዳሉ። ልጅቷን «ችካሉን ሁልጊዜ በግራሽ አድርጊ፤ ጓደኛሽ በየት በኩል እንዳለ ጮክ ብለሽ ተናገሪ» አልኳት።

ሲጀመር «በግራዬ፣ ሁለት ሜትር» አለች። ሦስት ጭብጨባ በኋላ ልጁ ውስጥ ውስጡን ፈጥኖ ቀድሟት ነበርና «ከፊቴ፣ አራት ሜትር» አለች። በስድስተኛው ልጁ ወደ ውጭ ወጥቶ አዝግሟልና «በቀኜ፣ ሁለት ሜትር»። በዘጠነኛው «ከኋላዬ፣ አራት ሜትር»። በ12ኛው «በግራዬ!» ብላ ጮኸችና ወደ እኔ ዞራ «መምህር፣ ዞረኝ እኮ!» አለች። ልጁ ደግሞ «እኔ እሷን አልዞርኳትም፤ ችካሉን ነው የዞርኩት» አለ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሷ ካለችበት ሲታይ ተዞራለች፤ ሜዳው ላይ ያለው የኖራ መስመር ግን ልጁ አንዲት እርምጃ እንኳ እሷን ለመዞር እንዳልተራመደ ይመሰክራል። ከዚያ ልጅቷን ከሜዳው አስወጣኋትና ማጨብጨቤን ቀጠልኩ። ልጁ ያንኑ ዙር እንደገና ዞረ። ጨረቃችን ግን ምድር ከመሐል ብትወጣ በዚያው ዙሯ አትቀጥልም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ካሞኦአሌዋም 2025 ፒኤን7ም እንደዚያ ልጅ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህችን ነጥብ ያስተዋለች ከኋላ የቆመች ተማሪ ናት። ልጅቷ ችካሉን የምትዞረው ከሰዓት ቆጣሪ እጅ በተቃራኒ ነበር። ልጁ እሷን «ሲዞራት» ግን ከግራ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ኋላ ነው፤ ማለት እንደ ሰዓት እጅ። እውነተኛዋ ጨረቃ ምድርን የምትዞረው ምድር ፀሐይን በምትዞርበት አቅጣጫ ነው። እነዚህ ደግሞ በተቃራኒው የሚዞሩ ይመስላሉ፤ ያውም በክብ ሳይሆን ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ በሆነ ሞላላ።

«ምድር በስበቷ ይዛታለች» ለሚለው ደግሞ ቁጥር ይናገር። ካሞኦአሌዋ ለእኛ በጣም ስትቀርብ 14 ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ይህ ከጨረቃ ርቀት 38 እጥፍ ያህል ነው። ፀሐይ ከዚያ አሥር እጥፍ ትርቃለች፤ ነገር ግን ክብደቷ የ333 ሺህ ምድሮች ነው። ስናካፍለው፣ አስትሮይዷ ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ በቀረበችበት ሰዓት እንኳ የፀሐይ ስበት ከምድር ስበት 3 ሺህ ጊዜ ይበልጥባታል። ነገሩን የሚያውቅ አንባቢ «ጨረቃንም ቢሆን ፀሐይ ከምድር ሁለት እጥፍ ትስባታለች» ቢለኝ ልክ ነው። ስለዚህ የሚወስነው ድንበሩ ነው። ምድር አንድን ነገር አጥብቃ ልትይዝ የምትችለው 1 ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ የፀሐይ ነው። ጨረቃ በ384 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ከድንበሩ ውስጥ ናት። ካሞኦአሌዋ ድንበሩን አሥር እጥፍ ገደማ አልፋ ነው የምትሄደው።

ምድር ምንም አታደርግላትም ማለቴ አይደለም። ጥቂት ስትቀድም ታዘገያታለች፣ ጥቂት ስትዘገይ ታስቀድማታለች፤ እርምጃቸው እንዳይለያይ ለዘመናት የሚጠብቀው ይህ ቀላል ስበት ነው። ለዚህ አማርኛ ቃል አለው፦ አጃቢ። አጃቢ የሙሽራው ንብረት አይደለም፤ በእግሩ ይሄዳል፣ እርምጃውን ግን ከሙሽራው ጋር ያስተካክላል። ሳይንቲስቶቹ «ኳዚ ሳተላይት» ሲሉ «ሳተላይት ትመስላለች እንጂ አይደለችም» ማለታቸው ነው። ጸሐፊው ሲተረጉሙ «ኳዚ» የሚለውን ጣሉት፤ ቀሪው «ሁለተኛ ጨረቃ» ሆነ። እማሆይን ያስጨነቀቻቸው ይህች የወደቀች ቃል ናት። «አጃቢ አስትሮይድ» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይደነግጥም ነበር።

ቀጥሎ ጸሐፊው የአገራችንን ምሳሌ ያመጣሉ፦ «ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ሁለት መኪና ባንድ መስመር ቢከታተሉ፣ የኋላው ከፈጠነ መጋጨታቸው አይቀርም።» እውነት ነው፤ በዚያ ቁልቁለት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ጣርማበር ላይ ሾፌሩ ቢፈጥንም ቢያዘግምም አስፋልቱ ያው ነው። ምህዋር ግን በፍጥነቱ የሚሠራ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱ ከተለወጠ መንገዱም አብሮ ይለወጣል። ደግሞም «መንገድ መጋራት» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል። የሚጋሩት ዓመቱን ነው። ክሩዊንያ ፀሐይን ለመዞር 364 ቀን ይፈጅባታል፤ መንገዷ ግን ከሜርኩሪ ምህዋር አጠገብ ተነሥቶ እስከ ማርስ ምህዋር አካባቢ የሚለጠጥ፣ ከምድር መንገድም 20 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ሞላላ ነው። ዓመቷ እኩል ሊሆን ጥቂት ቀረው እንጂ መንገዷ ከእኛ ጋር አንድ ሆኖ አያውቅም። ለምድር የምትቀርበው ቢበዛ እስከ 12 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

ከሰማይ የሚመጣ አደጋ የለም ብዬ ማንንም አላታልልም። በ2013 ፌብሩዋሪ 15 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው ድንጋይ 20 ሜትር ገደማ ነበር፤ መስኮት ሰባብሮ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አቁስሏል። እሱ ግን የምድርን መንገድ አቋርጦ ያለፈ እንጂ አጃቢ አልነበረም። አጃቢዎቹን አጃቢ ያሰኛቸው ያው ከምድር ጋር የገጠመው እርምጃቸው ከምድር ያርቃቸዋል። ይህ ለዘላለም አይዘልቅም፤ 2025 ፒኤን7 እንኳ በ2083 ገደማ ከአጃቢነት ትወጣለች። መውጣት ማለት ግን ወደ እኛ መውደቅ ማለት አይደለም።

አሁን ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ነጥብ። ቃላቸውን እንዳለ ልጥቀስ፦ «ምድር አስትሮይዱን ወደ ፊት ስትስበው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ኋላ ስትስበው ወደ ፊት ያመልጣል ይሉናል። ይህን የሚያምን ጋሪ ገፍቶ አያውቅም።» ጋሪ ለገፋ ሰው ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለመቀበል ከተቸገርኩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ላስረዳ።

ጋሪውን እንተወውና ጠጠር እናንሣ። አንዱን ጠጠር ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወርውሩት፤ ቶሎ ይመለሳል። ሌላውን በኃይል ይወርውሩት፤ ዘግይቶ ይመለሳል። የበለጠ ኃይል የተሰጠው ጠጠር ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ነው የሚዘገየው። አስትሮይድም ፀሐይን ሲዞር እንዲሁ ነው፤ ወደ ፊት የሳበው ነገር ካለ ኃይል ተጨምሮለታልና ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይወጣል፤ ሩቅ የወጣ ደግሞ ዙሩን ለመጨረስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ዓመቱ ረዘመ ማለት ነው። ዓመቱ የረዘመ ከምድር ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ አስትሮይድ ከምድር መንገድ በግማሽ ፐርሰንት ወደ ፀሐይ ቀርቦ ይሄዳል እንበል። በሌላ የኬፕለር ሕግ ዓመቱ ከእኛ ዓመት 2.7 ቀን ያህል ያጥራል። በየዓመቱ ይህን ያህል እየቀደመ፣ ከዓመታት በኋላ ከምድር ጀርባ ይደርሳል። እዚህ ላይ ምድር ከፊቱ ናት፤ ስለዚህ ወደ ፊት ትስበዋለች። ኃይል አገኘ፤ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከምድር መንገድ በግማሽ ፐርሰንት አልፎ ተቀመጠ። አሁን ዓመቱ ከእኛ 2.7 ቀን ይረዝማል። ሊደርስባት ምንም ያህል ሳይቀረው ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል። ከመቶ ዓመት በላይ እየቀረ እየቀረ፣ ፀሐይን ዞሮ በወዲያኛው በኩል ከምድር ፊት ይገኛል፤ አሁን ደራሽዋ ምድር ናት። ምድር ከኋላው ናትና ወደ ኋላ ትስበዋለች፤ ኃይል ያጣል፤ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዓመቱ ያጥራል፤ ፈጥኖ ያመልጣል። እንዲህ እየተመላለሰ ምድርን አያልፋትም፣ አይነካትምም። ከምድር ላይ ሆነን መንገዱን ብንስለው፣ ዝናብ በጣለ ማግስት በጭቃ ላይ እንደታተመ የፈረስ ኮቴ፣ ባንድ በኩል የተከፈተ ቀለበት ይሆናል፤ ክፍቱ ምድር ያለችበት ቦታ ነው። ክሩዊንያ በዚህ ዓይነት ነው የምትመላለሰው፤ አንዱን ሙሉ ምልልስ ለመጨረስ 770 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሒሳብ እንዳይመስል፣ ሳተርን ዘንድ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሲሆን የሚታይ ምሳሌ አለ። ጃኑስና ኤፒሜቲየስ የሚባሉ ሁለት ጨረቃዎች ሳተርንን ይዞራሉ። የመንገዳቸው ልዩነት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የእነሱ ስፋት ደግሞ ያንዱ 180፣ የሌላው 117 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጸሐፊው የጣርማበር ሒሳብ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ድሮ በተፈጩ ነበር፤ ጎን ለጎን ለማለፍ እንኳ ቦታ የላቸውም። ነገር ግን በየአራት ዓመቱ የውስጠኛው በውጪኛው ላይ ይደርሳል፤ ይሳሳባሉ፤ የኋላው ኃይል አግኝቶ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የፊቱ ኃይል አጥቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መንገድ ይለዋወጡና ይራራቃሉ። ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች አይቀራረቡም። ቮየጀር 1 የተባለው መንኮራኩር በ1980 ሁለት መሆናቸውን ካረጋገጠ ወዲህ ይህን ልውውጥ ሲያደርጉ ሳይንቲስቶች ደጋግመው አይተዋል። ጋሪ ቢሆኑ ይህ አይሆንም ነበር።

ከምድር 60 ዲግሪ ቀድመው ወይም ዘግይተው የሚሄዱም አሉ፤ ትሮጃን ይባላሉ። ላግራንዥ የሚባለው የሒሳብ ሊቅ በ1772 በወረቀት ላይ አገኛቸው፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ድንጋይ፣ የጁፒተሩ አኪለስ፣ የተገኘው ከ134 ዓመት በኋላ በ1906 ነው። ለምድር እስካሁን ሁለት ብቻ ናቸው የታወቁላት፤ 2010 ቲኬ7 እና 2020 ኤክስኤል5። ቬነስም አጃቢ አላት፤ ዙዝቬ ትባላለች። ስሟ የመጣው የመለያዋ መጀመሪያ «2002 ቪኢ» ለሕፃናት በተሠራ ሥዕል ላይ ተሳስቶ ስለተነበበ ነው፤ በ2024 ይኸው የስሕተት ንባብ በይፋ ስሟ ሆኖ ጸደቀላት።

ወደ እማሆይ ጥያቄ ልመለስ። ጸሐፊው «ሁለት ጨረቃ ካለ የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ይፋለሳል፤ አጽዋማትና በዓላት ይዛባሉ» ብለዋል። ባሕረ ሐሳብ በየሌሊቱ ጨረቃን እያዩ የሚቆጥሩት አይደለም፤ ቀመር ነው። የዘንድሮውን 2018 ዓ.ም. እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም ሲካፈል፣ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30፤ ልክ ነው። በዚህ ውስጥ አስትሮይድ የሚገባበት ቀዳዳ የት አለ? የ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር የቆመው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ብቻ ስለሚገጥም ነው። ይህን ያስቀመጡት አባቶች የቆጠሩት የአንዲቱን፣ ሁላችን የምናውቃትን ጨረቃ ወር ነው። ለእማሆይም «በዚያችው በድሮዋ ነው» አልኳቸው። ወንበሩን 12 ብዬ ስጀምርላቸው መጥቅዑን ከእኔ ቀድመው ተናገሩ። ከዚያ «ታዲያ ምን አስጨነቀኝ?» ብለው በሩን ከፍተው ገቡ።

መንዝ ውስጥ ታየች ስለተባለችው ብዙ አልልም። ካሞኦአሌዋ በጣም በደመቀችበት ጊዜ እንኳ፣ ዓይን ሊያየው ከሚችለው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ትደበዝዛለች። የመንዝ ሰማይ የጠራ ነው፤ ያዩት ሰዎችም ያዩትን ነው የተናገሩት። ጨረቃ አጠገብ ደምቆ የሚታይ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ፣ አለዚያም ጁፒተር ነው።

አሁን ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልናገር። «ይህች ነገር ከጨረቃ የተፈነቀለች ናት ይባላል» ብለዋል፤ ይህ በቁም ነገር የሚጠና ነው። በ2021 የወጣ ጥናት ከካሞኦአሌዋ የሚንጸባረቀው ብርሃን አፖሎ 14 ከጨረቃ ካመጣው አፈርና ድንጋይ ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጨረቃ ጀርባ ካለው፣ 22 ኪሎ ሜትር ከሚሰፋው ጆርዳኖ ብሩኖ ከተባለ ጉድጓድ ተፈናጥራ ሊሆን ይችላል ብሏል። ስለዚህ የጨረቃ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ልጅ መሆን ግን እናትን መሆን አይደለም። ቻይና በ2025 ሜይ መጨረሻ ያመጠቀችው ቲያንዌን-2 የተባለ መንኮራኩር ከእሷ ላይ ናሙና ቆንጥሮ በ2027 መገባደጃ ወደ ምድር እንዲመልስ ታቅዷል። ያኔ ከራሷ አፈር ይታወቃል።

የመጨረሻው ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው። «የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም።» የጁፒተርን መንገድ የሚጋሩትን ትሮጃኖች ለማየት ናሳ በ2021 ኦክቶበር 16 ያመጠቀው መንኮራኩር ሉሲ ይባላል፤ በ1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ በተገኘችው በእኛዋ ድንቅነሽ ስም ማለት ነው። መንኮራኩሩ በመንገዱ ላይ በ2023 ኖቬምበር 1 መጀመሪያ ያገኘው አስትሮይድ «ድንቅነሽ» ተብሎ ተሰይሟል፤ በአማርኛ ስሟ። ሲቀርባት አብራት ሌላ ነገር ተገኘ፤ እያንዳንዳቸው 200 ሜትር ገደማ የሆኑ፣ እርስ በርስ ተነካክተው የቆሙ ሁለት ድንጋዮች። እሷም «ሰላም» ተባለች፤ ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ባገኛት የሕፃን ቅሪተ አካል ስም። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ድንቅነሽስ የማንን መንገድ ነው የምትጋራው?» አለኝ።

የማንንም አልኩት። እሷ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶ ውስጥ የራሷን መንገድ ትሄዳለች። መንገድ የሚጋሩት ሉሲ ከ2027 ኦገስት ጀምሮ የሚደርስባቸው፣ ከዩሪባቴስ የሚጀምሩት ትሮጃኖች ናቸው።

ሜዳው ላይ ምድር የነበረችው ልጅ ጥያቄዋን የያዘችው እስከዚያ ነበር። «ሰላምስ? እሷም ጎን ለጎን ነው የምትሄደው ወይስ እውነት ትዞራታለች?»

እውነት ትዞራታለች። ከድንቅነሽ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በ53 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ።